የሙሽራዋን የግንባር መስቀል በሜካፕ ሸፈንኩት፤ በደልኩ?

የማርቆስ ጸጉር ሠሪ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጸጉር ቤት አለኝ፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ሹሩባውንም፣ ፔስትራውንም፣ ሙሽራውንም እሠራለሁ። አሁን የነቢያት ጾም ገብቶ ሠርግ ስለሌለ ካስኩ ሥር የሚቀመጥ ሰው ጠፍቷል፤ እጅ ሲፈታ ደግሞ ሐሳብ ይበዛል። የምጠይቃችሁ ነገር ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከልቤ ግን አልወጣልኝም።

ባለፈው ጥር ከቢቸና በኩል የመጣች ልጅ ለሠርጓ ያዘችኝ። እዚሁ ከተማ ኮሌጅ ተምራ ሥራ የያዘች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ግንባሯ መሐል የመስቀል ንቅሳት አላት፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ በአራቱም ጫፏ ነጥብ ያለባት። "ይቺን እንድትሸፍኚልኝ ነው የምፈልገው፤ ፎቶው ላይ እንዳትታይ" አለችኝ። "ችግር የለም" አልኳት።

የሙያ ኩራት አለብኝና ልንገራችሁ፦ ንቅሳት ላይ ዝም ብሎ ፋውንዴሽን ቢቀቡበት አመድ የነካው መስሎ ይወጣል። ጥቀርሻው ቆዳ ሥር ሲቀመጥ ሰማያዊ ነው የሚመስለው። ስለዚህ መጀመሪያ ብርቱካናማ ማረሚያ በስሱ ይነካል፤ እሱ ሰማያዊውን ይገድለዋል። ከደረቀ በኋላ ኮንሲለር፣ ከዚያ ከፊቷ ጋር እንዲገጥም የተቀላቀለ ፋውንዴሽን፣ ከላይ ፓውደር። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስጨርስ ግንባሯ እንደታሰሰ ምጣድ ልስልስ አለ። እኔ ራሴ መስቀሉ የቱ ጋ እንደነበር ጠፋኝ።

ሜካፕ የሚያድስ ሰው ያስፈልጋልና አብሬያት ወደ ቤተሰቦቿ ሄድኩ። ሙሽራው መጥቶ፣ በር ላይ "አናስገባም" ተብሎ ተጨፍሮ ካበቃ በኋላ ልጅቱ የአባቷንና የእናቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። እናትየው ቀና አድርጋ ግንባሯን ልትስማት አለችና ቆመች። በአውራ ጣቷ ግንባሯን ዳበሰችው፤ ጨለማ ውስጥ ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ሳመቻት። ቀና ስትል ከንፈሯ ላይ የእኔ ፋውንዴሽን ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ወደ እኔ ዞራ፣ ሳትቆጣ፣ "የምስምበትን አጠፋሽብኝ እኮ" አለችኝ።

ይኸው ነው። አልሰደበችኝም፣ አልረገመችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ተጋጨብኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምረን ወንድም አለ፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥3 ላይ "ጠጕርን በመሸረብና ወርቅን በማንጠልጠል" የሚለውን ሲያነብ ጉባኤው በሙሉ ዞሮ እኔን የሚያየኝ ይመስለኛል። እንደ እሱ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ኃጢአት ነው። ግን ውበት ኃጢአት ከሆነ እናትየው ምኑን ነው "አጠፋሽብኝ" ያለችኝ? ውበት ስለጨመርኩ እኮ አይደለም ያዘነችው፤ ያለውን ስላጠፋሁ ነው። ታዲያ ክርስቲያን ስለ ውበት ምን ይላል? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ነገሩ እንጀራዬ ነው።

ቀጥ ያለው፦

እህቴ፣ መልሱ አጭር ነው። ኤልዛቤል ዓይኗን ተኩላ፣ ራሷን አስጊጣ በመስኮት ተመለከተች (2ኛ ነገሥት 9፥30)፤ መጨረሻዋን ታውቂዋለሽ። ንቅሳቱም ቢሆን ዘሌዋውያን 19፥28 ላይ ተከልክሏል። አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት ነው የሸፈንሽው። ሥራ ቀይሪ።

የማርቆስ ጸጉር ሠሪ፦

ሥራ ቀይሪ ማለት ቀላል ነው፣ ወንድሜ። ሁለት ልጅ አለኝ።

ከቅኔ ቤት የወጣ፦

ቀጥ ያለው፣ ኤልዛቤልን ውሾች የበሏት ስለ ኩሏ አይደለም። ናቡቴን በሐሰት ምስክር አስገድላ የወይን ቦታውን ስለቀማች ነው፤ 1ኛ ነገሥት 21ን አንብበው። ነገሩ በመኳል ከሆነማ አስቴርም ስድስት ወር በከርቤ ዘይት፣ ስድስት ወር በሽቱ ተዘጋጅታ ነው ንጉሡ ፊት የቀረበች። ዮዲትም፣ በሰማንያ አሐዱ ውስጥ ያለችው ዮዲት፣ የመበለትነት ልብሷን አውልቃ፣ ታጥባ፣ ሽቱ ተቀብታ፣ አምባሯንና ጉትቻዋን አድርጋ ነው ወደ ሆሎፎርኒስ ሰፈር የወረደች። ሕዝቧን አዳነችበት።

እህቴ፣ እኔ በልጅነቴ ጎንጅ አራት ዓመት ቅኔ ቆጥሬያለሁ። ሳልመረቅ ወጥቼ ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ ማኅተም ነው የምመታው፤ ስለዚህ ሊቅ አድርጋችሁ አትውሰዱኝ። ግን አንድ ነገር ከዚያ ይዤ ወጥቻለሁ። የኔታ ግስ ሲያስገስሱን "ሠነየ" ላይ ስንደርስ "አማረ፣ ተዋበ፣ መልካም ሆነ" ብለን በአንድ ትንፋሽ ነው የያዝነው። ለመልካምነትና ለውበት ሁለት ቃል አላስፈለገም። ዘፍጥረት ላይ እግዚአብሔር ብርሃኑን አይቶ "ከመ ሠናይ" ይላል ግእዙ። አማርኛው "መልካም እንደ ሆነ" ብሎ አንዱን ወሰደ፤ "እንዳማረ" ቢልም አይሳሳትም ነበር። "ሥነ ጽሑፍ" ስንል ያለው "ሥን" እንኳ ከዚያው ቤት የወጣ ነው፤ ውበት ማለት ነው።

ወደ ጴጥሮስ ልምጣ። ጥቅሱን ወንድማችን እስከ መጨረሻው አንብቦላችኋል? "ወይም ልብስን በመጎናጸፍ" ይላል እኮ ቀጥሎ። ቃል በቃል ከተያዘ ሹሩባ ብቻ ሳይሆን ነጠላም ቀረ። ሐዋርያው ራቁታችሁን ሂዱ አላለም። ሽልማታችሁ እዚያ ላይ ይለቅ አትበሉ ነው ያለው፤ የዋህና ዝግተኛ መንፈስ አለ፣ እሱ አያረጅም ነው ያለው። አንቺ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ሁሉ እሱን ጥላ መጥታለች ያለሽ ማነው?

ደግሞ ሕዝቅኤል 16ን ሌሊት ብቻሽን አንብቢው። እዚያ ላይ አስጌጭው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ሜዳ ላይ የተጣለችውን ሕፃን አንሥቶ አጠባት፣ ዘይት ቀባት፣ ወርቀ ዘቦ አለበሳት፣ በእጇ አምባር፣ በአንገቷ ድሪ፣ በጆሮዋ ጉትቻ፣ በራሷ ላይ አክሊል አደረገላት። ያንቺን ሥራ ነው የሠራው ብል ድፍረት ይሆንብኛል እንጂ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ጥፋቱ የሚመጣው ጥቂት ቁጥር ወረድ ብሎ፣ "በውበትሽ ታመንሽ" ሲላት ነው። ጉትቻው አይደለም ወንጀሉ፤ የሰጠውን መርሳቷ ነው።

አሁን ሰምና ወርቅ ልል ስለሆነ እንዳትስቁብኝ። ሰው ሁሉ ወርቁ ውስጥ ነው፣ ሰሙ ቅርፊት ነው ብሎ ያልፋል። አንጥረኛ ጠይቁ። መጀመሪያ ሰሙን ይቀርጻል፣ ጭቃ ያለብሰዋል፣ ያቃጥለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በተወው ባዶ ቦታ ይፈስሳል። ሰሙ በደንብ ካልተቀረጸ ወርቁ ድብልብል ሆኖ ይቀራል። የኔታ ወርቁ ጥልቅ ሆኖ ሰሙ የተንሻፈፈ ቅኔ ሳቀርብላቸው "ይኸ ወርቅ ሳይሆን ዝቃጭ ነው" ብለው መልሰውኛል፤ ሰሙ አምሮ ውስጡ ባዶ የሆነም አቅርቤ በዱላ ነው ያባረሩኝ።

መልክአ ማርያም ስትደግሚስ ምን እያልሽ ነው? ከስሟ ጀምረሽ፣ ወደ ራስ ጸጉሯ፣ ወደ ዓይኗ፣ ወደ ከንፈሯ፣ እስከ እግር ጥፍሯ ድረስ እያንዳንዱን "ሰላም ለ" እያልሽ ሰላምታ ታቀርቢያለሽ። አካልን የናቀ ሰው እንዲህ ያለ ጸሎት አይደርስም።

ቀጥ ያለው፦

ስለ ናቡቴ ልክ ነህ፤ እቀበላለሁ። ዘሌዋውያንን ግን ዘለልከው።

ከቅኔ ቤት የወጣ፦

አልዘለልኩም፣ ረዘመብኝ እንጂ። ቁጥሩ "ስለ ሞተው ሰው" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ አሕዛብ ለሙታናቸው ገላቸውን ይነጩ ነበር፣ ያንን ነው የሚከለክለው። የግብፅ ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ቀኝ የእጅ አንጓቸው ላይ መስቀል ይነቀሳሉ። ሕዝቅኤል 9፥4 ላይ በሚያለቅሱት ሰዎች "ግምባር ላይ ምልክት ጻፍ" ይላል፤ ራእይ 22፥4 ላይም "ስሙም በግምባሮቻቸው ይሆናል"። ዛሬ ብዙ መምህራን ንቅሳትን እንደማይደግፉ አውቃለሁ፤ በዚህ ከአንተ ጋር የሚቆም ሰው አታጣም። እኔ ግን የአያቶቻችንን ግንባር ኃጢአት ብዬ ለመጥራት አፌ አይደፍርም።

የሞጣዋ እናት፦

(የምጽፍላት ልጇ ነኝ። የምትለኝን ነው የምጽፈው።)

ልጄ አነበበችልኝ። እኔ ግንባሬም አንገቴም ንቅስ ነው፣ ድዴም ውቅራት ነው። የመስቀሉን በሰባት ዓመቴ ነው፤ የአንገቴን ልዳር ሰሞን። ነቃሿ ሦስት መርፌ በክር አጋጥማ አሰረች፣ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት በቅጠል ውኃ በጠበጠች፣ ከዚያ ወጋ፣ ወጋ፣ ወጋ። ሦስት ቀን አንገቴን አላዞርኩም። በጩኸቴ ጊደር ገመዷን በጥሳ ሄደች እያሉ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

የአንገቴ ለቁንጅና ነው፤ አልዋሽም። ልጃገረድ ሁሉ ተነቅሳ እኔ ባዶ አንገት ልሁን? የግንባሬ ግን ሌላ ነው። እናቴ "ማተብ ይበጠሳል፣ ይቺ አትበጠስም፤ በረሃ ብትወድቂ የማን ልጅ እንደሆንሽ አይቶ የሚቀብርሽ አታጪም" ትለኝ ነበር። ይኸውልሽ፣ መቅበሪያዬን ነው የተሸከምኩት።

አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ስሄድ የጎረቤት ሕፃን ጣቱን በምራቁ አርሶ ሊያጠፋልኝ ሞከረ። እድፍ መስሎት። እኔ ሳቅሁ፣ ልጄ አፈረች። (እውነቷን ነው። አፍሬ ነበር።)

ውበት ከንቱ ነው ትላላችሁ። መጽሐፉ ካለ ነው፤ እኔ ምን አውቄ። ባሌ ሲሞት ግን ጸጉሬን ተላጨሁ። ከንቱ ነገር ቢሆን ለሐዘኑ ምን ብዬ እሰጠው ነበር?

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሁላችሁም ስለ ሠሪዋ ታወራላችሁ። ልጅቱ ለምን አስሸፈነችው? ማን ሳቀባት? እሱን ጠይቀሻታል ወይ፣ ልጄ?

የማርቆስ ጸጉር ሠሪ፦

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልጠየቅኋትም። ዘጠኝ ዓመት "ምን ልሥራልሽ" እያልኩ "ለምን" ብዬ የጠየቅኳት ሴት ትዝ አትለኝም። የእኔም አያት አንገቷ እንደ እርስዎ ነበር፤ ሦስት ረድፍ። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር የምተኛው።

ሠዓሊው፦

ዘጌ ተወልጄ ባሕር ዳር የምኖር ሠዓሊ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያንም ለቱሪስትም እሥላለሁ፤ የበለጠ የሚያበላኝ ሁለተኛው ነው።

ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት አንድ የገጠር ደብር ምስለ ፍቁር ወልዳን አሠራኝ። በጊዜው እጄ ሞቆ ነበርና የፊልም ተዋናይ የመሰለች ማርያም ሣልኩ። ጉንጯ ላይ ጥላ ሰጠሁ፣ ከንፈሯን አወዛሁ። አንድ ሽማግሌ ካህን መጥተው ረጅም ጊዜ አዩዋትና "ልጄ፣ ቆንጆ ናት። እሷን ሳይ ግን ጸሎቴን ረሳሁት" አሉኝ። ምስጋና መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ገባኝ፤ ወስጄ እንደገና ሣልኳት።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። መቅደሱ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። እዚያ ላይ ጻድቅ ሁሉ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ይሁዳና አጋንንቱ ግን በጎን ነው የሚሣሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ልብ በሉ፣ ክፉውን አስቀያሚ ለማድረግ ብዙም አልደከሙም። ፊቱን ብቻ አዞሩት። እኔ ከዚህ የተማርኩት ቆንጆ ማለት ፊቱን ያልሰወረብህ ሰው መሆኑን ነው። ሊቃውንቱ እንደዚያ ይሉት እንደሆነ እንጃ፤ ብሩሽ የያዘ ሰው እንደዚያ ነው የሚገባው።

ሌላም ልጨምር። ጣና ሐይቅ፣ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ አለ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ነው። ስሟ ራሱ "ምንኛ ውብ ናት" ማለት ነው። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበር፤ ሕዝብ ግን የያዘላት የመልኳን ስም ነው። ይህች በመልኳ የተጠራች ሴት እዚያ ግድግዳ ላይ ተሥላለች፤ ጌጠኛ ልብሷን እንደለበሰች ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ። አላወለቀችም። አጊጣ ነው የሰገደች። ናርጋ ሴት ይገባበታል (የዳጋና የክብራን ገዳማት አይገባም)፤ ከባሕር ዳር ጀልባ አለና አንድ ቀን ሄደሽ እያት፣ እህቴ። ለአንቺ የተሣለ ነው የሚመስለኝ።

ስለ ሙሽራዋ ከሆነ ግን፣ እኔ ብሆን አልሸፍነውም ነበር። የሌላ ሰው እጅ የሠራው ሥዕል ላይ ደርቤ አልሥልም። አንዴ አድርጌው አውቃለሁና ነው።

ቀጥ ያለው፦

የሞጣዋ እናት የጠየቁትን ማንም አልመለሰም። እኔም ጥቅስ ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም። እህቴ፣ "ሥራ ቀይሪ" ያልኩሽን አንሥቻለሁ።

የማርቆስ ጸጉር ሠሪ፦

ይቅርታ፣ ሦስት ቀን ዘገየሁ።

ለልጅቱ ደወልኩላት። መጀመሪያ ዋጋ የቀረ መስሏት ደነገጠች። ከዚያ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። ኮሌጅ ዶርም ውስጥ "ግንባር" ብለው ይጠሯት ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ስሟ እሱ ሆነ። አሁን መሥሪያ ቤት ፀጉሯን ወደ ፊት አውርዳ ነው የምትውለው። ለሠርጉ ደግሞ የባሏ እኅት "ፎቶው ውጭ አገር ለዘመድ ይላካል" አለቻት። ባሏ ምንም አላለም ነበር። "እሱማ መስቀሏን አይቶ ነው ገጠሬ መሆኔን አውቆ ሰላም ያለኝ" አለችና ሳቀች።

አርባ ደቂቃ ግንባሯን ስነካ እኮ ዓይኗን ጨፍና ነበር። እንቅልፍ መስሎኝ ነበር።

ጥር ላይ የያዝኳቸው ሙሽሮች ሦስት ናቸው፤ አንዷ የአንገት ንቅሳት አላት። ሽፈኚልኝ ካለችኝ እሸፍናለሁ፤ ገላው የእሷ ነው። ሜካፑን ከመክፈቴ በፊት ግን ቡና አፍልቼ ማን እንደሳቀባት እጠይቃታለሁ። ደግሞ የእናቷን መሳሚያ ቦታ ሳላጣራ ማረሚያ አልነካም። ሠዓሊው፣ ናርጋን ለጥምቀት ማግስት አስቤያለሁ፤ የጀልባው ዋጋ ስንት እንደሆነ በውስጥ ጻፍልኝ።

ስለ ፎቶውም ጠየቅኳት። የእሷ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው እንደሠራሁት ነው፣ ግንባሯ ልስልስ እንዳለ። ቢቸና እናቷ ቤት የተሰቀለው ግን ሌላ ሆኗል። እናቷ መስታወቱን አስፈትታ፣ ከታናሽ ወንድሟ ደብተር መሐል እስክሪብቶ ወስዳ፣ ቦታውን በአውራ ጣቷ ለክታ መስቀሉን ሣለችበት። አራቱንም ነጥብ። ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ ቁርጥ ንቅሳቱን ይመስላል አለችኝ።